ግራው በዋናው በር፣ ቀኙ በጓሮ

[ሕንድ አገር፣ ሚራጅ ከተማ፣ ቅዳሜ ማለዳ። ሠርግ ሲጠፋ ለሠፈሩ ሰው ነጻ የዮጋና የመንፈስ ማሳረፊያ ትምህርት የሚሰጥበት የሠርግ አዳራሽ። ከበሩ በላይ የተሰቀለው ሸራ ላይ የምክር ቤት አባሉ ፎቶ ከአምላኩ ሥዕል ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ነጻ ነውና ሰው ሞልቷል፤ ደጁ ላይ ጫማ ተቆልሏል። ጡረታ የወጣው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ዋማንራኦ አንድ እግሩን ጫማ አድርጎ፣ አንዱን ባዶውን ቆሟል። የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ የሳሪ ልብስ ነጋዴው ቢካጂ፣ አፉን ከፍቶ ያየዋል። የእህትን ባል «ዳጂ» እያሉ ማክበር የአገሩ ደንብ ነው፤ ቢካጂ ደግሞ ደንብ አያጓድልም።]

ቢካጂ፦ ዳጂ፣ አንዱን ረሱት።

ዋማንራኦ፦ ምኑን?

ቢካጂ፦ ጫማዎን። ግራውን አወለቁ፣ ቀኙ እግርዎ ላይ ነው።

ዋማንራኦ፦ ረስቼ? እኔ? ዕድሜ ልኬን ትምህርት ቤት የመራሁ ሰው እግሬን እረሳለሁ?

ቢካጂ፦ እግርዎንስ አልረሱም፤ ጫማውን ነው ያልኩት።

ዋማንራኦ፦ ስማ፣ ዛሬ እንኳ አንድ ነገር ተማር። ግራው እዚህ ዋናው በር ጋ፣ ከቆሻሻ በርሜሉ አጠገብ ይቀመጣል። ቀኙን ዞሬ ጓሮ በር ጋ አስቀምጠዋለሁ። ሌባ ምን ይወስዳል?

ቢካጂ፦ ጫማ።

ዋማንራኦ፦ ጥንድ ጫማ! ጥንድ! አንዱን ብቻ ወስዶ ምን ያደርገዋል?

ቢካጂ፦ ሌባው አንድ እግር ብቻ ቢኖረውስ?

ዋማንራኦ፦ አንድ እግር ያለው ሌባ ሮጦ የት ይደርሳል?

ቢካጂ፦ እሱስ እውነትዎን ነው። [ያስባል] ግን ሁለት ሆነው ቢመጡና አንድ አንድ እግር ቢኖራቸው…

ዋማንራኦ፦ ቢካጂ!

ቢካጂ፦ እሺ፣ ተውኩት። ብቻ ትናንት አስተማሪው «የእኔ የምትሉትን ሁሉ ልቀቁ» ሲል ራስዎን ከሁሉ በላይ የነቀነቁት እርስዎ ነበሩ። አልገባህም ብለው እስከ ቤት ድረስ ያስረዱኝም እርስዎ ነዎት።

ዋማንራኦ፦ መልቀቅ ሌላ፣ መሰረቅ ሌላ! መልቀቅ የነፍስ ነገር ነው። መሰረቅ በባዶ እግር ወደ ቤት መሄድ ነው። ነጻ የሚባል ነገር ደግሞ ሁሉን ይጠራል፤ ነፍሱን ሊያሳርፍ የመጣ አለ፣ ለጫማ የመጣ አለ፣ ሲያበቃ ለሚታደለው የበቀለ ማሾ የመጣ አለ።

ቢካጂ፦ እኔ ለማሾው ነው።

ዋማንራኦ፦ መች አጣሁት!

ቢካጂ፦ ታዲያ ይህን ያህል ከሰጉ አሮጌውን የጎማ ጫማ አድርገው አይመጡም?

ዋማንራኦ፦ [ግራ ቀኙን አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ዛሬ በቀትሩ ባቡር ማን እንደምትመጣ ረሳኸው?

ቢካጂ፦ ሹባዳ!

ዋማንራኦ፦ ቀስ በል፣ ሠፈሩን አትጥራብኝ! አዎ፣ ልጄ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደጄን ያልረገጠች ልጄ። ከዚህ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ጣቢያ ነኝ። ከባቡሩ ስትወርድ ዓይኗ መጀመሪያ የሚያርፈው እግሬ ላይ ነው። ይህን ጫማ በእጇ ሰፍታ ነው የላከችልኝ። ሳላደርገው ብታየኝ በዚያው ባቡር ትመለሳለች።

ቢካጂ፦ እሱስ ትመለሳለች። ምህንድስናዋን ትታ ኮልሃፑር ከተማ ጫማ ሰፊዎች ዘንድ የገባች ጊዜ፣ «በዘራችን ቆዳ የነካ የለም፣ እኔ ቆዳ ፋቂ…»

ዋማንራኦ፦ ያልኩትን አውቃለሁ! አስታዋሽ አልቀጠርኩም!

ቢካጂ፦ «…ልጅ የለኝም» ነበር ያሉት። እኔ እኮ በሩ ጋ ቆሜ ነበር።

ዋማንራኦ፦ [ቀስ ብሎ] አውቃለሁ አልኩህ እኮ።

[በአንድ እግሩ ጫማው ሲጢጥ፣ በሌላው ጠጠር እየወጋው «ኧ!» እያለ አዳራሹን ይዞራል። ጥቂት ቆይቶ ሁለቱም ውስጥ ናቸው፤ ከአስተማሪው መድረክ ሥር፣ ፊተኛው ረድፍ ላይ፣ በየምንጣፋቸው እግራቸውን አጣምረዋል። የቢካጂ እግር እንኳ አልተጣመረም፤ ሆዱ ከልክሎታል።]

ዋማንራኦ፦ እንግዲህ ከአሁን በኋላ አታናግረኝ። ዛሬ የሠፈሩ ቡድን መሪ የሚመረጥበት ቀን ነው። አስተማሪው ምን አለ? ደወሉ እስኪደወል ከምንጣፉ ያልተነሳ ነው የሚመረጠው። ዝንብ አፍንጫዬ ላይ ጎጆ ብትቀልስ ንቅንቅ አልልም።

ቢካጂ፦ ባቡሩስ?

ዋማንራኦ፦ ደወሉ ከባቡሩ ይቀድማል። ሁሉን አስቤበታለሁ።

[ድምፅ ማጉያው ይንጫጫል፤ ከዚያ የአስተማሪው ድምፅ፦ «ዓይናችሁን ጨፍኑ። ሐሳብ ቢመጣ አትያዙት፣ ይለፍ።» ከኋላ አንድ ሰውዬ ሳይዘገይ ማንኮራፋት ጀምሯል።]

ዋማንራኦ፦ [በሹክሹክታ] ቢካጂ።

ቢካጂ፦ አቤት። አታናግረኝ አላሉም?

ዋማንራኦ፦ አንተ አታናግረኝ አልኩ እንጂ እኔ አላናግርህም መች አልኩ? ዓይንህን ጨፍነሃል?

ቢካጂ፦ ጨፍኛለሁ።

ዋማንራኦ፦ ምን ይታይሃል?

ቢካጂ፦ ማሾ። ለእርስዎስ?

ዋማንራኦ፦ ብርሃን። [ትንሽ ቆይቶ] በብርሃኑ መካከል ደግሞ የግራው ጫማ። ሂድና እየው።

ቢካጂ፦ የተነሳ አይመረጥም አላሉም?

ዋማንራኦ፦ አንተን ደግሞ ማን ሊመርጥህ! ስኳርህን አመካኝ። ስኳር ያለበት ሰው ሽንት ቤት ቢመላለስ የሚፈርድበት የለም።

ቢካጂ፦ ለነገሩ ይዞኝም ነበር።

[ይሄዳል። ድምፅ ማጉያው፦ «አሁን ደግሞ ዓይናችሁን ሳትገልጡ፣ ከቦታችሁ ሳትነሱ፣ ከሆዳችሁ ሳቁ!» አዳራሹ በትእዛዝ ይስቃል። ቢካጂ በሳቁ መካከል ይመለሳል።]

ዋማንራኦ፦ ሃ ሃ ሃ! አለ?

ቢካጂ፦ አለ።

ዋማንራኦ፦ እፎይ! ሃ ሃ ሃ!

ቢካጂ፦ አንዲት ልጅ ይዛዋለች።

ዋማንራኦ፦ ሃ ሃ… ምን ማለት ነው ይዛዋለች?

ቢካጂ፦ በእጇ ነዋ። እያገላበጠች ታየዋለች።

ዋማንራኦ፦ ሌባ! ሃ ሃ ሃ! ሌባ!

ቢካጂ፦ እኔ እንጃ። ሻንጣም ይዛለች።

ዋማንራኦ፦ የሰረቀችውን የምትከትበት ነዋ! ባዶ እጁን የሚሄድ ሌባ አይተሃል? ምን አልካት?

ቢካጂ፦ እኔ ምን እላለሁ፣ የጠየቀችው እሷ ናት። «የዚህ ጫማ ባለቤት ለምን ቆሻሻ አጠገብ ጣለው? ቀኙንስ የት ጣለው?» አለችኝ።

ዋማንራኦ፦ አየህ! አየህልኝ አይደል? ጥንዱን ነው የምትፈልገው! አላልኩህም? ቀኙን እንዳታሳያት!

ቢካጂ፦ እርስዎ ራስዎ ወጥተው ቢያናግሯትስ?

ዋማንራኦ፦ [በአንድ ዓይኑ ብቻ አጮልቆ] ከኋላችን ያለውን የመድን ሻጩን ፓቲልን አታየውም? እኔ ብነሳ እሱ ነው መሪ የሚሆነው። ሰውን ሁሉ በተመስጦ መካከል መድን ያስገዛዋል! አንተ ሂድና ንገራት። «ስሚ አንቺ ሌባ» በላት…

ቢካጂ፦ «አንቺ ሌባ» ልበላት?

ዋማንራኦ፦ ጥርት አድርገህ! «ስሚ አንቺ ሌባ፣ ይህ ጫማ አልተጣለም። ሰው የማይወደውን ጫማ ከነጥንዱ ወርውሮት ነው የሚገባው። አንዱን እዚህ አንዱን እዚያ የሚደብቀው እንዳይወሰድበት የሚሳሳለትን ነው።» ፖሊስ እጠራለሁ ብለሃትም ና።

ቢካጂ፦ ረዘመብኝ። እስቲ የመሃሉን ይድገሙልኝ።

ዋማንራኦ፦ የሚሳሳለትን ነው! የሚሳሳለትን! እንዴት ያለ ድንጋይ ራስ ነው የሰጠህ!

[ቢካጂ «የሚሳሳለትን፣ የሚሳሳለትን» እያለ ይወጣል። ሳቁ ያበቃል፤ ዋማንራኦ ብቻ በድንጋጤ አንድ «ሃ» ተርፎት ያሰማል። ከየአቅጣጫው «እሽሽ!» ይሉታል። ቢካጂ ይመለሳል።]

ዋማንራኦ፦ ለቀቀችው?

ቢካጂ፦ አልለቀቀችውም። ደረቷ ላይ አቀፈችው።

ዋማንራኦ፦ አቀፈችው? ምን ዓይነቷ ሌባ ናት?

ቢካጂ፦ ከዚያ አለቀሰች።

ዋማንራኦ፦ የአዞ እንባ ነው፣ እንዳትሸነፍ! አንተ ደግሞ ሆደ ቡቡ ነህ፣ ሳሪ ሊገዛ መጥቶ ላለቀሰ ሁሉ ዋጋ ትቀንሳለህ።

ቢካጂ፦ «ሶሉ አልተበላም፤ ባለቤቱ አድርጎት አያውቅም። ቢወደውማ ያደርገው ነበር» አለች።

ዋማንራኦ፦ እንዴት ያለች ዓይን አውጣ ናት! የሰው ጫማ ይዛ የሰው ፍቅር ትመረምራለች? በላት… «አንቺ ሌባ፣ ሶሉ ያልተበላው ከዛሬ በፊት መንገድ ረግጦ ስለማያውቅ ነው። ቤት ውስጥ ግን…»

ቢካጂ፦ ቤት ውስጥ ምን?

ዋማንራኦ፦ [በጥርሱ መካከል] ጫማው በፖስታ የመጣ ዕለት «ይህ ቆዳ እግሬን አይነካም» ብዬ እህትህ ኢንዱ ፊት ምያለሁ። የማለ ሰው ምን ያድርግ? ኢንዱ ገበያ ስትወጣ ከቁም ሣጥኑ አወጣዋለሁ። ከወጥ ቤት እስከ በረንዳ እመላለስበታለሁ። በሩ ሲንኳኳ ወልውዬ መልሼ እከተዋለሁ። ይኸው፣ ደስ አለህ?

ቢካጂ፦ ይህን እህቴ ታውቃለች?

ዋማንራኦ፦ ካወቀችማ አለቀልኝ!

ቢካጂ፦ ታውቃለች እኮ። ገበያ ወጣሁ ብላ ከጎረቤት በረንዳ ተደብቃ ታይዎታለች። ናፍቆቱ ሲብስብዎት አይታ ነው ቀን በቀን ገበያ የምትወጣው።

ዋማንራኦ፦ ምን?!

[«እሽሽሽ!» አዳራሹ በሙሉ። ድምፅ ማጉያው፦ «ቁጣ ይመጣል፣ ቁጣ ይሄዳል።»]

ዋማንራኦ፦ [በሹክሹክታ] አንተንም እሷንም ማታ አገኛችኋለሁ።

ቢካጂ፦ ታዲያ ይህን ሁሉ የቤት ገመና ለሌባ ልዘርግፍላት?

ዋማንራኦ፦ ዘርግፈው! ትፈር! የምትወስደው ቆዳ ብቻ እንዳልሆነ ትወቅ!

[ቢካጂ ይሄዳል። መድን ሻጩ ፓቲል አንገቱን ያሰግጋል፤ ዋማንራኦ ፊቱን እንደ ቅዱስ ሰው ያለሰልሳል። አስተማሪው በአጠገቡ ሲያልፍ «ግሩም እርጋታ ነው» ብሎ ትከሻውን ይነካዋል። ቢካጂ ይመለሳል።]

ዋማንራኦ፦ እህሳ?

ቢካጂ፦ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ አለች።

ዋማንራኦ፦ ማፈሯ ነው። መላ ያለው ንግግር ሌባንም ያሳፍራል። እንዳስተማርኩህ ነው የተናገርከው?

ቢካጂ፦ የወጥ ቤቷን ነገር ስነግራት በእንባዋ መካከል ሳቅ አመለጣት። ከዚያ «እስቲ ጠይቅልኝ፤ ይህን ጫማ የሠራው ሰው ጎበዝ ነው?» አለችኝ።

ዋማንራኦ፦ ጎበዝ?! ጎበዝ ነው ወይ ትላለች? ዓይኗ የት ሄዶ ነው! አንድ ምስማር አታገኝበትም፤ ዙሪያውን በጠፍር ነው የተሰፋው። ያ ጠፍር እንዴት እንደተገመደ አይተሃል? የሴት ልጄ እጅ ነው ያ! ስንቱን ልጅ አስተምሬያለሁ፣ አንዱ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር በእጁ ሠርቶ «ይኸው» ያለኝ የለም። በላት፦ «አንቺ ሌባ፣ ጎበዝ አይገልጻትም።» በላት፦ «ያን ቀን…»

ቢካጂ፦ የቱን ቀን?

ዋማንራኦ፦ አንተ በሩ ጋ የቆምክበትን ቀን። «ያን ቀን የቆሸሸው የእኔ አፍ እንጂ የእሷ እጅ አልነበረም።»

ቢካጂ፦ ዳጂ፣ ይህን እንኳ ለሌባ ልንገር?

ዋማንራኦ፦ ንገራት። ለልጄማ መቼ አፌ ይታዘዝልኛል? ሌሊቱን ሙሉ ጣቢያው ላይ የምላትን ስደረድር አድሬ «እንደምን መጣሽ» ከማለት አላለፍኩም። እስቲ በሌባ ልለማመድ።

[ቢካጂ አንዴ ያየውና በፍጥነት ይወጣል፤ እንደ ስኳር በሽተኛ ሳይሆን እንደ ሙሽራ ሚዜ። ድምፅ ማጉያው ዝም ብሏል፤ ከኋላ ያለው ሰውዬ ብቻ ያንኮራፋል። ቢካጂ ሲመለስ በሸሚዙ ክንድ ዓይኑን ያብሳል።]

ዋማንራኦ፦ ምነው ቆየህ? ወሰደችው?

ቢካጂ፦ አልወሰደችውም። «ሲረግጠው ሲጢጥ ይላል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ዋማንራኦ፦ ሲጢጥ?

ቢካጂ፦ «ሶሉ መካከል ፍሬ ቀብሬበታለሁ፤ የሚጮኸው እሱ ነው። ያስተማሩኝ የድሮ ሰፊዎች እንዲያ ነበር የሚሠሩት» አለች። «ልጅ ሳለሁ አባቴ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጫማው ከመንገዱ ጫፍ ሲጢጥ ሲል እሰማና ሮጬ በር እከፍትለት ነበር። ለእኔ ብዬ ነው ድምፁን የጨመርኩበት» አለች።

[ዋማንራኦ ዓይኑን ገልጧል።]

ዋማንራኦ፦ ቢካጂ… ያቺ ሌባ… ምን ትመስላለች?

ቢካጂ፦ ቀጠን ያለች ናት። አፍንጫዋ የእርስዎ ነው። እልኋም።

ዋማንራኦ፦ ባቡሩ እኮ ቀትር ላይ ነው!

ቢካጂ፦ ቸኩላ በማለዳው አውቶቡስ መጣች። ቤት ስትደርስ ኢንዱ «አባትሽ አዳራሹ ነው» ብላ ከነሻንጣዋ ላከቻት። መጥታ ጫማዋን ከቆሻሻ በርሜሉ አጠገብ ስታገኘው ሻንጣዋን አንስታ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ልትመለስ ነበር። እኔ ስወጣ እግሯን አንስታለች።

ዋማንራኦ፦ አንተ… አንተ ከመጀመሪያው አውቀሃታል?

ቢካጂ፦ የእህቴ ልጅ አይደለችም እንዴ? አቅፋኝ ነው የጠየቀችኝ።

ዋማንራኦ፦ አንተ ደነዝ! አንተ ማሾ! ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?

ቢካጂ፦ ብነግርዎት ምን ሊያደርጉ?

ዋማንራኦ፦ እወጣ ነበራ!

ቢካጂ፦ ወጥተውስ ምን ይሏት ነበር?

ዋማንራኦ፦ «በባቡር እመጣለሁ ብለሽ ለምን በአውቶቡስ መጣሽ» እላት ነበር።

ቢካጂ፦ ከዚያስ?

ዋማንራኦ፦ ከዚያ… አውቶቡስ ከባቡር ለምን እንደሚከፋ አስረዳት ነበር።

ቢካጂ፦ ለዚያ ነው ያልነገርኩዎት።

[ዋማንራኦ ይነሳል። ጉልበቶቹ ይንቋቋሉ። አዳራሹ ሁሉ ዓይኑን ይገልጣል፤ ፓቲል ደስታውን መደበቅ አቅቶት በረጅሙ ይተነፍሳል። ዋማንራኦ የሰው ጉልበትና የውሃ ኮዳ እየረገጠ፣ በባዶ እግሩ፣ ወደ ዋናው በር ይሮጣል። ቢካጂ እግሩን ዘርግቶ ይጠብቃል። ከውጭ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲያለቅስና ሲናገር ይሰማል። ጥቂት ቆይቶ የዋማንራኦ ራስ በበሩ ይገባል፤ መነጽሩ ተጣሟል፣ ጉንጩ ርሷል።]

ዋማንራኦ፦ [ሳያንሾካሹክ፣ አዳራሹ እየሰማ] ቢካጂ! አንተ ቢካጂ! ምን ብለህ ነው የነገርካት? ይህን ያህል ጊዜ ሌባ ስላት ቆይቼ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች እኮ!

ቢካጂ፦ ያሉኝን ነው የነገርኳት፣ ዳጂ። ቃል በቃል።

ዋማንራኦ፦ ፖሊስ ያልኩትንም?

ቢካጂ፦ እሱን እንኳ ረሳሁት። ሁሉን ማስታወስ አልችልም፣ ያውቁኝ የለም?

ዋማንራኦ፦ «አንቺ ሌባ» ያልኩትንስ?

ቢካጂ፦ እሱንማ እንዴት እረሳለሁ? እርስዎ «አንቺ ሌባ» ባሉ ቁጥር እኔ «ልጄ ሆይ» እያልኩ አድርሻለሁ።